ስምንት ሰዓት ሲሆን ማን አብሮት ይቀመጣል?

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው እዚሁ ሐዋሳ ከአቶቴ ነው። ረጅም ስለሆነ አሳጥሬዋለሁ፣ ቤተሰቡ እንዳይታወቅም አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ።

«ሰላም እትዬ እንዴት ሰነበቱ። ለሰው አልናገርም ብዬ ነበር ግን ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ። ታናሽ ወንድሜ 27 ዓመቱ ነው፣ አካውንቲንግ ነው የተመረቀው፣ ካምፓስ ሁለተኛ ዓመት እያለ ለፈተና ላንብብበት እያለ ጫት መቃም ጀመረ፣ ስራ ከያዘ በኋላ የየቀን ሆነ፣ ማታ ማታ ደግሞ ምርቃናውን ለመስበር ለጨብሲ እየተባለ መጠጡ ተጨመረ፣ ስራውን ካጣ ዓመት አልፎታል። የዛሬ ሶስት ሳምንት የእማዬን የአንገት ሀብል ሸጠው። እማዬ አንድ ቃል አልተናገረችውም፣ ዝም ብላ አለቀሰች፣ እሱም ከዛን ቀን ጀምሮ በቃኝ ብሎ ሁለቱንም ተወ። ደስ ሊለን ሲገባ ቤታችን ለቅሶ ቤት መሰለ። ቀን ሙሉ ይተኛል፣ ሌሊት ዱካክ እያስጮኸው ይነሳል፣ ከሰዓት ስምንት ሰዓት ገደማ ሲሆን ግቢ ውስጥ መዞር ይጀምራል፣ ጓደኞቹ በባጃጅ እየመጡ በር ላይ ክላክስ ያደርጋሉ። እማዬ ለሰፈሩ ታይፎይድ ይዞት ነው ብላለች። አጎቴ ክፍል ውስጥ ቆልፉበት ይላል፣ እማዬ ፀበል እንውሰደው ትላለች፣ የእድራችን ሊቀመንበር ነገሩን ስለጠረጠሩ ሽማግሌ ተሰብስቦ እናስምለው ብለዋል። እሱ ከማንም አያወራም፣ ጎረቤታችን ያሉ አንዲት እማማ ሲጠሩት ብቻ ሄዶ ነጭ ሽንኩርት ይልጥላቸዋል። እትዬ ለሰው እንንገር ወይስ ደብቀን እንያዘው?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሶስቴ አንብቤዋለሁ። ነጭ ሽንኩርቷን ልብ ያልኳት በሶስተኛው ነው። አንቺ በመሀል ጣል አድርገሻት ያለፍሻት ነገር ናት ለኔ ግን ከደብዳቤው ሁሉ ያስደሰተችኝ እሷ ናት፣ እመለስባታለሁ።

መጀመሪያ ወንድምሽ ምን እንደተወ እንወቅ። ሱስ ሲባል ሰው የሚታየው ቅጠሉና ጠርሙሱ ነው። ወንድምሽ ግን ስንት ዓመት ሙሉ ምሳውን በልቶ ሲወጣ የሚሄድበት ቤት ነበረው፣ ፍራሹ ተነጥፎ እጣኑ ጨሶ የሱ ቦታ ተይዞለት የሚጠብቁት ሰዎች ነበሩት፣ የወንዶውን ጫት እየቀነጠሰ ለውዙንና ቀዝቃዛ ውሃውን አጠገቡ አድርጎ ምርቃናው ሲመጣ ደግሞ ስለ ቢዝነስ ስለ ኳስ ስለ ውጪ ጉዞ እስከ አስራ አንድ አስራ ሁለት ሰዓት ሲያወራ የሚሰማው ሰው ነበረው። ከዛ ጨብሲው፣ ከዛ እንቅልፍ። ይሄን ሁሉ ነው በአንድ ቀን የተወው። ጫቱን ሲተው ሰዎቹንም ተዋቸው፣ ሰዓቱ ግን አልቀረለትም፣ በየቀኑ ስምንት ሰዓት ይሆናል። ግቢ ውስጥ ሲዞር ያየሽው እሱን ነው፣ እግሩ የለመደው ቤት ነበረ አሁን የሚሄድበት የለም።

ይሄን ሁሌ የሚያስታውሰኝ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነው። እሱ አረቄ ነበር፣ ካቆመ ስንት ዓመት ሆኖታል፣ አንድ ቀን ቡና እየጠጣን እትዬ እኔ እኮ የተቸገርኩት በመጠጡ ሳይሆን ማታ አስራ ሁለት ሰዓት ሲሆን የት ልሂድ እያልኩ ነው አለኝ። እኛ ያኔ ጠርሙስ ስንደብቅ ነው የከረምነው፣ የት ይሂድ ብሎ ያሰበ ሰው ከመሀላችን አልነበረም።

ዱካኩ አያስደንግጣችሁ። ጫት ውስጥ ካቲኖን የሚባል አነቃቂ ነገር አለ፣ ቅጠሉ ሲጠወልግ ቶሎ ስለሚደክም ነው ቃሚ ሁሉ ትኩሱን የሚያሳድደው፣ ይሄ ነገር አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለውን የመነሳሳትና የደስታ ኬሚካል በብዛት ያስለቅቃል፣ ለዓመታት በዚህ ሲነዳ የኖረ ሰው ድንገት ሲያቆም ነገር ሁሉ ጣዕም ያጣበታል፣ እንቅልፍ ይበዛበታል፣ ይነጫነጫል፣ ሌሊት የሚያፍነውና የሚያባርረው ነገር ያያል። ቃሚዎች ራሳቸው ያውቁታል፣ ብዙዎቹም ተመልሰው የሚቅሙት ዱካኩን ፈርተው ነው። ለአብዛኛው ሰው ቀን በቀን እየቀለለ ይሄዳል። ሲጮህ መብራት አብሩለት፣ በስሙ ጥሩት፣ ውሃ ስጡት፣ በቃ። ጠዋት ምን አየህ ብላችሁ አታፋጥጡት።

ግን እህቴ ሶስት ሳምንት ሆኖታል አልሽኝ። ሰው ከሁለት ሳምንት በላይ በየቀኑ ከከፋው፣ ድሮ የሚወደው ነገር ሁሉ ካስጠላው፣ ምግብና እንቅልፉ ከተዛባ ይሄ ድባቴ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው። የሱስና የድባቴ ነገር ደግሞ የትኛው ቀድሞ እንደመጣ ለማወቅ ያስቸግራል፣ ካምፓስ እያለ ለፈተና ነው ያለሽው ምናልባት ያኔም ከፍቶት ይሆናል። ሪፈራል ሆስፒታል የአእምሮ ህክምና ክፍል አለ፣ እሱ ከከበደው በቅርባችሁ ካለው ጤና ጣቢያ ጀምሩ እነሱ ሪፈር ይጽፋሉ። ብቻውን ሂድ አትበሉት፣ አንቺ አብረሽው ሂጂ፣ ወረፋ ላይ አብረሽው ተቀመጪ። ድምፅ ይሰማኛል፣ ሰዎች ይከታተሉኛል ማለት ከጀመረ ደግሞ ቀጠሮ ሳትጠብቁ በዛኑ ቀን ውሰዱት።

ሌላ የምነግርሽ ነገር ከባድ ነው። መኖር አስጠልቶህ ያውቃል ወይ፣ ራሴን ላጥፋ ብለህ አስበህ ታውቃለህ ወይ ብለሽ ጠይቂው። በአገራችን ይሄን ማንሳት ሟርት ይመስለናል፣ ሀሳቡን የምናስገባበት ይመስለናል፣ አይደለም፣ ጥያቄው ሀሳብ አያስገባም እንደውም ብቻውን ተሸክሞት ከሆነ ያሳርፈዋል። አዎ ካለሽ አትጩሂ አትቆጪው፣ ብቻውን አትተዉት፣ ቤት ውስጥ ያለ መድኃኒትና ፀረ-ተባይ ከእጁ አርቁ፣ በዛኑ ቀን ሆስፒታል ውሰዱት።

አጎትሽ ቆልፉበት ያሉት ነገር። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም እኛ ቤት ተደርጓል። የነገርኩሽን የባለቤቴን ወንድም ቤተሰብ ተማክረን ሶስት ቀን ከቆለፍንበት ይወጣለታል አልንና ክፍል ውስጥ አስገብተን ምግብና ውሃ በመስኮት እያቀበልን ቆለፍንበት። እኔም ተስማምቼ ነው፣ ምግቡን የማቀብለው እኔ ነበርኩ። በመጀመሪያው ማታ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ብርጭቆው ከጥርሱ ጋር ሲጋጭ ይሰማኝ ነበር፣ ላቡ በላብ ሆኖ ነበር፣ እኔ ሐራራው ነው ይለፍለታል አልኩ። በሁለተኛው ሌሊት ከውስጥ የወንበር መውደቅ ሰምተን ስንከፍት መሬት ላይ ወድቆ ይንፈራገጣል፣ አረፋ ይደፍቃል። ባለቤቴ ተሸክሞት ባጃጅ ፍለጋ ሮጠ። ሐኪሙ ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ ታጡት ነበር አለን፣ እውነቱን ነው። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው ድንገት ሲያቆም ከመጨረሻው መጠጥ 6 ሰዓት ያህል ቆይቶ መንቀጥቀጡ፣ ላቡና ማስመለሱ ሊጀምር ይችላል፣ በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ውስጥ እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል፣ ከ2 እስከ 4 ቀን ባለው ደግሞ የሌለ ነገር እያየ ሊቃዥ ይችላል፣ ይሄኛው ይገድላል። ሆስፒታል ውስጥ ግን ዳያዜፓም በሚባል ማረጋጊያ መድኃኒትና በቫይታሚን ቢ1 እየተጠበቀ በሰላም ሊወጣ ይችላል። ያንተ ወንድም ያንቺ ባል በየቀኑ የሚጠጣ ከሆነ ይሄን የምታነቡ ሁሉ እባካችሁ በገዛ እጃችሁ ድንገት አታስቁሙት፣ ሐኪም ጋር ሂዱ። ወንድምሽ ይሄን ጊዜ አልፎታል እግዚአብሔር ይመስገን፣ ግን ተመልሶ ሳምንት ሁለት ሳምንት ከጠጣ ያው ነገር ሊመጣ እንደሚችል እወቂ።

ፀበሉን እናትሽን አትከልክያት። ሰው በእምነቱ ሲጽናና ትልቅ ነገር ነው፣ ሩቅያ ለሚያስደርጉም ፀሎት ቤት ለሚወስዱም ያው ነው። እኔ የምለምነው ሁለት ነገር ነው፣ እሱ ራሱ እሺ ብሎ ይሂድ እንጂ ታስሮ አይሂድ፣ ሐኪም መድኃኒት ካዘዘለት ደግሞ መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ። ለንስሐ አባታችሁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፣ እሳቸው መድኃኒትህን አታቋርጥ ሲሉት ከኔም ካንቺም በላይ ይሰማቸዋል።

ማስማሉን ግን አልወደድኩትም። የእድሩ ሊቀመንበር በቅንነት ነው ያሉት አውቃለሁ። ነገር ግን ሱስ ያገረሻል፣ ብዙ ሰው አንዴ ሁለቴ ሳይወድቅ አይወጣም፣ በሽማግሌ ፊት ምሎ የወደቀ ልጅ ደግሞ አንድ ቀን የቃመው ሳያንስ መሀላ አፍርሻለሁ ብሎ ከሰው ሁሉ ይሸሻል፣ የሚሸሸው ወዴት እንደሆነ ታውቂያለሽ። ሲዳማ አገር ነው ያለነው፣ ከሲዳማ ሽማግሌዎች አንድ ቃል እንዋስ፣ አፊኒ ይላሉ፣ ሰማችሁ ወይ እንደማለት ነው፣ ነገር ከመወሰኑ በፊት ሁሉም እንዲሰማ ሁሉም የሚለውን እንዲል ነው። እስካሁን አጎትም እናትም እድርም ተናግረዋል፣ ወንድምሽ ምን አለ? በደብዳቤሽ ውስጥ እሱ ያለው በቃኝ የምትለዋን ብቻ ነው። ተቀመጪና ምን ይሻልሃል፣ ከምን ላይ እናግዝህ በይው። መልስ ባይሰጥሽም ነገ ድጋሚ ጠይቂው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። እንንገር ወይስ እንደብቅ አልሽ፣ እኔ ለአምስት ሰው ንገሩ እላለሁ። ሰፈሩ በሙሉ ማወቅ የለበትም፣ ሱስ ላይ ያለ ልጅ ስሙ አንዴ ጀዝባ ተብሎ ከወጣ በኋላ ቢድንም ስሙ አይድንም። ግን የታይፎይዱ ነገር ለናንተም ለሱም አልጠቀመም። ታይፎይድ ነው በተባለበት ቤት ሰው ሾርባ ይዞ መጥቶ አይዞህ ብሎ ይሄዳል፣ ስምንት ሰዓት ላይ አብሮት የሚቀመጥ ሰው እንደሚያስፈልገው ግን ማን ይወቅ? እሱም በእናቱ ውሸት ውስጥ ተኝቶ ሲውል ነውሬ ለሰው የማይነገር ነው እያለ ይውላል። አምስቱን ሰው እሱ ራሱ ይምረጥ፣ ቢያንስ እሺ ይበል፣ ከዛ ለእያንዳንዱ ሰው ስራና ሰዓት ስጪ። ይሄ ዋናው ነው። አይዞህ ጠንክር የሚል ሰው ሞልቷል፣ ማክሰኞ ስምንት ሰዓት እኔ አለሁ የሚል ነው የጠፋው።

ሊቀመንበሩ ይጠቅሙሻል። ልጁ አካውንቲንግ ነው የተመረቀው አላልሽም? የእድሩ ድንኳን ወንበር ድስት ሳህን ስንት እንዳለ ስንት እንደተሰበረ ማን እንደወሰደ በስርዓት የተመዘገበበት ደብተር ያለው እድር እኔ አላውቅም፣ በሳምንት ሁለት ከሰዓት በኋላ ና መዝግብልን ይበሉት። ብር ግን አያስይዙት፣ ይሄ እሱን መናቅ አይደለም፣ ሐራራ ላይ ያለ ሰው እጅ ላይ የሰው ብር ማስቀመጥ በሱ ላይ መፍረድ ነው። አጎትሽም ቁልፉን ትተው ቅዳሜ ቅዳሜ ይዘውት ይውጡ፣ ጠዋት ታቦር ይውጡ ወይ ፍቅር ሐይቅ ዳር ይራመዱ፣ አሞራ ገደል አሳ ይብሉ፣ ስለ ጫት አንድም ቃል ባይወራ ይሻላል። ኳስ የሚጫወት ዘመድ ወይ የድሮ የክፍል ጓደኛ ካለ አስራ አንድ ሰዓትን ለሱ ስጪው ምክንያቱም ጨብሲው የሚጀምርበት ሰዓት እየተጠጋ ነው። አንዱ ሰው ደግሞ የጤና ባለሙያው ይሁን።

አምስተኛዋ እማማ ናቸው፣ እንደውም አንደኛ ናቸው። ዚምባብዌ ውስጥ ዲክሰን ቺባንዳ የሚባል የአእምሮ ሐኪም አለ። ይከታተላት የነበረች አንዲት ወጣት ሆስፒታል መምጫ የአውቶቡስ 15 ዶላር አጥታ ቀረች፣ ራሷን አጠፋች። ሰውዬው ከዛ በኋላ ሆስፒታል ተቀምጦ ሰው መጠበቁን ትቶ በ2006 እ.ኤ.አ. ሐራሬ ምባሬ የሚባል ሰፈር ውስጥ 14 ሴት አያቶችን አሰልጥኖ ከጤና ጣቢያ ደጅ የእንጨት አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። የመጣውን ሰው ያዳምጣሉ፣ ከችግርህ የቱን እንጀምር ይላሉ፣ ከአቅም በላይ የሆነውን ወደ ሐኪም ይልካሉ። እኛ ሀሳብ አበዛ እንደምንለው እነሱም በቋንቋቸው ኩፉንጊሲሳ ይሉታል፣ ብዙ ማሰብ ማለት ነው፣ አያቶቹ ድባቴ የሚባለውን ቃል ሳይጠቀሙ በዚች ቃል ነው የሚያወሩት። በ2016 እ.ኤ.አ. በወጣው ጥናት ከስድስት ወር በኋላ ሲታዩ አያቶቹ ጋር የተቀመጡት ሰዎች የድባቴና የጭንቀት ምልክታቸው በጣም ቀንሶ ተገኝቷል። እማማ ስልጠና የላቸውም፣ የሐኪምን ቦታ አይተኩም። ግን ማንም ያላደረገውን እያደረጉ ነው፣ አይጠይቁትም፣ አይመክሩትም፣ እጁን ስራ ያስይዙታል፣ አጠገባቸው ያስቀምጡታል። በርጫ ላይ እኮ እጁ ሲቀነጥስ ነበር የሚውለው፣ አሁን ሽንኩርት ይልጣል፣ አይታይሽም?

ባጃጅ ይዘው የሚመጡትን ጓደኞች በር ላይ አትስደቢያቸው፣ ጠላት አይደሉም፣ የናፈቃቸውን ሰው ነው የሚጠሩት። ወጥተሽ በደግ አናግሪያቸው፣ አሁን እያረፈ ነው ለጊዜው ከሰዓት አትምጡ በያቸው፣ እሱም ለጊዜው ስልኩን ይቀይር። ከመሀላቸው አንዱ እኔም ልተው ነበር ካለሽ ግን ልብ ብለሽ ስሚው። ቢል ዊልሰን የሚባል አሜሪካዊ መጠጥ ካቆመ ጥቂት ወራት ሆኖት በ1935 እ.ኤ.አ. ለስራ አክረን ወደሚባል ከተማ ሄዶ ስራው ሳይሳካ ቀረ፣ ሆቴሉ ውስጥ ባሩ ጋር ሰው ሲሳሳቅ እየሰማ ሊገባ ምንም አልቀረው፣ ከመግባት ይልቅ ስልክ አንስቶ የሚያናግረው ሌላ ጠጪ ፈልጉልኝ ብሎ ቤተክርስቲያን ሰዎች ጋር ደወለ። አገናኙት፣ ቦብ ስሚዝ የሚባል ሐኪም ነበር እሱም ጠጪ፣ አልኮሊክስ አኖኒመስ የሚባለው ማህበር ከሁለቱ ወሬ ነው የተጀመረው። የተወ ሰው ከተወ ሰው ጋር ሲያወራ ሌላ ነው። የባለቤቴ ወንድም ዛሬም ማታ ማታ የሚደውልለት አንድ ሰው አለው፣ ምን እንደሚያወሩ ጠይቄው አላውቅም።

ቢያገረሽበትስ? አንድ ቀን ቅሞ ቢመጣ እናትሽ ሶስት ሳምንት በነፃ ተሰቃየን እንዳትል ንገሪያት። ሶስቱ ሳምንት አልጠፋም። በማግስቱ እራት ስጡት፣ ትናንት ስንት ሰዓት ላይ ነው የከበደህ፣ ማን ነበር አጠገብህ በሉት፣ ከመልሱ ተነስታችሁ ያችን ሰዓት በሰው ሙሏት። ሀብሉን ደግሞ አሁን አታንሱበት፣ ሲረጋጋ ስራ ሲይዝ ራሱ ያነሳዋል፣ ያኔ ቀስ ብሎ ይክፈል፣ መክፈሉ ለሱም ይጠቅመዋል።

አንቺንም ልጠይቅሽ፣ አንቺ ከማን ጋር ነው የምታወሪው? ለሰው አልናገርም ብዬ ነበር ብለሻል። እናትሽስ ሌሊት ጩኸቱን ሰምታ ተነስታ ጠዋት ታይፎይድ ነው ስትል እስከመቼ ትችለዋለች። እሁድ ከቅዳሴ መልስ የምታምኛትን አንዷን ጓደኛሽን ቤት ጥሪያት፣ ቡና አፍዪ፣ ሶስተኛው ላይ ሳትደርሱ ንገሪያት።

ነገ ከገበያ ስትመለሺ ሁለት ኪሎ ነጭ ሽንኩርት ይዘሽ ለእማማ ስጫቸው። ወንድሜ ስምንት ሰዓት ላይ ይመጣል ይጠብቁት በያቸው።